ቢጫዋ ቀፎ

ቅዳሜ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ አሸዋ ማውጫው ስደርስ ደጉ ገና መኪናዋ ውስጥ ነበር። መኪናዋ ተገልብጣለች። እሱ ቁልቁል ተንጠልጥሏል፤ ሄልሜቱ ራሱ ላይ፣ ቀበቶው ደረቱ ላይ እንደታሰረ። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነበር። ሰው የሚለበሰውን ለብሶ፣ የሚታሰረውን አስሮ ሲሞት እኔ በጣም ነው የሚያናድደኝ።

ኢንስፔክተር ሸዋረገድ እባላለሁ። ነቀምቴ ተወልጄ ነቀምቴ ነው ያደግሁት፤ ሃያ ሁለት ዓመት ሌባና ነፍሰ ገዳይ የማሳድደውም እዚሁ ነው። አባቴ ከመንዝ የመጣ የብረት በር ሠሪ ነበር። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ለጉራም ነው።

መኪናዋን የሠራት ከተማችን ያለ አንድ የቴክኒክ ማሰልጠኛ ነው። ስሙን አልጠራም፤ ጥፋቱ የሰው እንጂ የግቢው አይደለም። የባጃጅ ሞተር አላት፣ አራት ወፋፍራም ጎማ አላት፣ በርም ጣሪያም የላትም፤ አሸዋና ጭቃ ላይ እንድትሮጥ ነው የተሠራችው። ባጊ ነው ስሟ። የሰፈሩ ሰው ግን «ቀፎዋ» ነው የሚላት፤ የሹፌሩ ወንበር ዙሪያውን በቢጫ ቱቦ ስለታጠረ። የቱቦው ሥራ አንድ ነው። መኪናዋ ብትገለበጥ መሬቱን ከሹፌሩ ራስ ማራቅ። ያን ቀን ከዞን እንግዶች መጥተው ሊያዩዋት ነበር፤ ሹፌሯ ደጉ በአርጆ መንገድ ወንዝ ዳር ካለው የአሸዋ ቁልል ሲወርድ በእንግዶቹ ፊት ተገለበጠች። ሦስት ሰዓት ላይ።

ተንበርክኬ አየሁ። ቀፎዋ አራት እግር ነበራት። አራቱም ተሰብረው የላይኛው ክፍል ወንበሩ ላይ ተጣጥፏል። አራቱም የተሰበሩት እኩል ከፍታ ላይ ነው፣ ከሹፌሩ ትከሻ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ።

«ኦብሳ፣ ብረት ሲሰበር ሜትር ይዞ ነው እንዴ የሚሰበረው?» አልኩት ሳጅኔን።

«እኔ ምን አውቃለሁ ኢንስፔክተር፣ እኔ የግብርና ተማሪ ነበርኩ።»

«እንግዲህ በቆሎም ቢሆን እንዲህ አይሰበርም።»

የደጉን ቀኝ እጅ ገልብጬ አየሁ። መዳፉ ላይ ቢጫ ቀለም አለ። ሲገባ የቀፎዋን እግር ይዞ ተደግፏል ማለት ነው፤ ቀለሙም አልደረቀም ነበር። ማን ነው ለእንግዳ ብሎ በመጨረሻው ሰዓት ቀለም የሚቀባው? ሁሉም ሰው። ስለዚህ አለፍኩት።

ትንሽ ራቅ ብሎ፣ ከአንድ ጀነሬተር አጠገብ፣ አንድ ሰው በሁለት ተማሪዎች ተደግፎ ያለቅሳል። ጥቁር መነጽር አድርጓል፤ ከመነጽሩ ሥር እንባው ይወርዳል፤ መሐረቡ ሊጨመቅ ደርሷል። መምህር ታረቀኝ ነው፣ የሥራው ኃላፊ። ከጎጃም ተመድቦ መጥቶ አሥራ አምስት ዓመት እዚህ ያስተማረ የተከበረ ሰው ነው።

«ልጄ ነበር» አለኝ። «ልጄን ነው ያጣሁት ኢንስፔክተር።»

«እግዜር ያጽናዎት መምህር። ቀፎዋን ማን ነው የበየዳት?»

መነጽሩን ሳያነሳ አይኑን በመሐረብ ጠረገ። «ፌኔት። ሁሉንም የበየደችው እሷ ናት፣ ተማሪዬ። በጣም ጎበዝ ልጅ ናት፤ ምን ነካት ብዬ ነው የምገረመው።»

ኦብሳ እየዞረ ያየው ነበር። «አያሳዝንም? እንዲህ የሚያለቅስ ወንድ አይቼ አላውቅም» አለኝ መኪና ውስጥ። እኔም ያኔ አዘንኩለት። ይህን አልክድም።

ጣቢያ ስንደርስ ፌኔት እኛን ቀድማ ደርሳ ነበር። ደረጃው ላይ ተቀምጣለች፤ የሃያ አራት ዓመት ልጅ፣ ክንዷ ላይ የብየዳ ፍንጣሪ ያቃጠለው ነጠብጣብ ጠባሳ ያለባት። ስታየኝ ብድግ አለች።

«አደ ሸዋረገድ፣ እሰሩኝ። ደጉን የገደልኩት እኔ ነኝ።»

ነቀምቴ ውስጥ በኦሮምኛ አክብራ «አደ» ብላ የምትጠራኝ ልጅ ሁሉ የኔ ልጅ ናት። ይዣት ገባሁ፤ ውኃ ሰጠኋት፤ አልጠጣችም።

«ማን ነገረሽ?»

«መምህር ታረቀኝ ደወለልኝ። ‹ፌኔት፣ ብየዳሽ ለቀቀ› አለኝ። እኔ ኡኬ ከተማ ነበርኩ፣ የአክስቴ ለቅሶ ላይ። ከሐሙስ ጀምሮ።»

«ደጉ ምንሽ ነው?»

«ሽማግሌ ልኮብኝ ነበር። ለፋሲካ ማግስት…» ብላ አቆመች። ዓይኗ ደረቅ ነበር። «እናቱ እማማ ሸዋጌጥ ‹እግሯ ደጃፌን እንዳይረግጥ› ብለዋል። ልክ ናቸው። ገዳይ እንዴት ለቅሶ ይደርሳል? እኔ ማልቀስም አልቻልኩም አደ። የገደልኩትን ሰው እንዴት ብዬ ላልቅስለት?»

እንዲህ ያለ ነገር ስሰማ ሥራዬን እጠላዋለሁ። ግን ሥራ ሥራ ነው።

«ቀፎዋን እንዴት እንደሠራሻት ንገሪኝ። ከመጀመሪያው።»

ስለ ብረት ስታወራ ድምጿ ትንሽ ተመለሰ። ቱቦ ስድስት ሜትር ሆኖ ነው የሚሸጠው። ሁለት ቱቦ ወሰደች፤ አንዱን ለፊት፣ አንዱን ለኋላ፤ ሁለቱንም እንደ ቅስት አጠፈቻቸው። ባዶ ቱቦ ሲታጠፍ መሃሉ ይጨማደዳል፤ ስለዚህ የተነፋ ደረቅ አሸዋ ሞላችበት፣ ጫፍና ጫፉን በእንጨት ወተፈች፣ በእሳት አግላ አጠፈች። ከዚያ አሸዋውን ደፍታ እግሮቹን ከታች ከሻንሲው፣ ከመኪናዋ የታች ብረት ጋር በየደች።

«ሁሉም አሸዋ አይወጣም» አለች። «አርሮ ከውስጥ ይጣበቅና ኋላ ይረግፋል። ጫፉ በብየዳ ስለተደፈነ መውጫ የለውም። ደጉ ሲነዳት ‹ቀፎዋ ታንሾካሽካለች፣ ስለኔ ታማለች› እያለ ይስቅብኝ ነበር።»

«እያንዳንዱ ቅስት ታዲያ ስንት ቦታ ተቀጥሏል?»

«ቅጥያ? አልተቀጠለም! አንድ ወጥ ነው። የሰው ራስ የሚጠብቅ ቱቦ መሃሉ ላይ አይቀጠልም። የግድ ከሆነም ውስጡ ሌላ ወፍራም ቱቦ ገብቶ ነው። መምህር ታረቀኝ የመጀመሪያ ቀን ያስተማረን ይህንን ነው።»

አፌ ላይ ደርሶ ነበር። «የኔ ልጅ፣ የተሰበረው መሃሉ ነው» ልላት። ዋጥኩት። እሷ በራሷ ላይ እየመሰከረች ያለች ተጠርጣሪ ናት፤ ቃሏ ብቻውን አያወጣትም። ማስረጃ ሳልይዝ ተስፋ ሰጥቼ ነገ ብነጥቃትስ?

«የብየዳ ማስክሽ የት ነው?»

«የዕቃ ሳጥኔ ውስጥ። ቁልፉ ይኸው አንገቴ ላይ። የሌሎቹ ማስኮች መስታወታቸው ተሰብሯል፤ የሚሠራው የኔ ብቻ ነው።»

ቁልፉን ተቀበልኳት።

ከሰዓት በኋላ ኦብሳ እየሮጠ መጣ። እጁ ላይ የሆነ ነገር ሲገባ ጆሮው ይቀላል፤ ቀልቶ ነበር።

«አገኘነው! ነገራ የሚባል የአይሱዙ ባለቤት፣ ትናንት ቀፎዋን ወደ አሸዋው የጫናት እሱ ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት ደጉን ገበያ መሃል ‹አንድ ቀን በዚያችው ሳጥንህ ትቀበራለህ› ብሎታል። ሰው ሁሉ ሰምቷል።»

«ጎሽ። ና እንሂድ።»

ነገራ ወፍራም፣ ድምፁ ጎላ ያለ ሰው ነው። አይሱዙውን ቤቱ አጥር ሥር አቁሞ ጎማ ያጥባል። «አካም ጅርቱ አደ!» አለኝ ገና ከሩቅ። ሰላምታውን በኦሮምኛ መልሼለት ወደ ጉዳዩ ገባሁ።

«ደጉን ትቀበራለህ ብለኸዋል።»

«ብያለሁ! በንዴት ነዋ! አንድ ኩንታል በቆሎዬን ‹ላንዳፍታ አውሰኝ› ብሎ ወሰደ። ለምን መሰለሽ? ወንበሩ ላይ አስቀምጦ፣ ቀበቶ አስሮለት፣ መኪናዋን ከቁልቁለት ገለበጣት! ሹፌር መሆኑ ነው በቆሎዬ!»

ኦብሳ ሳቁን ለመደበቅ አሳለ።

«ቀፎዋስ? ተሰበረች?»

«ምን ትሰበራለች! ሦስት ጊዜ ተንከባለለች፤ ቀለሟ ነው የተላጠው። ጆንያዬ ግን ቀበቶው ቀዶት በቆሎው ተበተነ። ደጉ ደግሞ እየጨፈረ ‹ፌኔት ሠራቻት፣ ፌኔት ሠራቻት› ይላል።» ድምፁ ወረደ። «ጥሩ ልጅ ነበር። አምላክ ምስክሬ ነው፣ ክፉ አልተመኘሁለትም።»

የዛቻው ነገር እዚያው ላይ አለቀ። ኦብሳ ጆሮው ወደ ቦታው ተመለሰ። እኔ ግን ሌላ ነገር ይዤ ነበር። ከሦስት ሳምንት በፊት ሦስት ጊዜ ተንከባላ ያልተሰበረች ቀፎ አንድ ጊዜ ተገልብጣ አራት ቦታ ትሰበራለች?

«ትናንት እንዴት ጫናችኋት?»

«እንደ ዕቃ። እኔና መምህር ታረቀኝ፣ ሁለታችን። በምሳ ሰዓት ጫንን፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አወረድን፣ አብረን ተመለስን። እሱም ያውቃል።»

አይሱዙው ላይ ሸራ የሚዘረጋበት የብረት ቅስት አለ፣ ከመኪናው ጋር የተበየደ። ዝናብ እህሉን እንዳይነካ ነው። በስንዝሬ ለካሁት። ወጥቼ የጭነቱን ወለልም አየሁት፤ ተጠርጓል፣ ግን ጥግ ጥጉን፣ ብረቱ በተጋጠመበት ስንጥቅ ውስጥ በጥፍሬ ጫርኩ። መዳፌ ላይ የቀረውን አየሁት፤ ደቃቅ፣ ጥቁር፣ እንደ ጎመን ዘር።

«ነገራ፣ አሸዋ ትጭናለህ?»

«እኔ? በቆሎና ቡና ብቻ! አሸዋ ጭኜ መኪናዬን ላበላሽ?»

«ይህስ ምንድን ነው?»

አየው። አላወቀውም። እኔ ግን ከፌኔት አፍ ሰምቼው ነበር፤ ከተደፈነ ቱቦ ውስጥ ያረረ አሸዋ የሚፈስሰው ቱቦው ሲቆረጥ ብቻ ነው። ቀፎዋ እዚህ መኪና ላይ ስትወጣ ክፍት ነበረች።

እሱን እዚያው ተውኩት። ሰው ትንሽ በራሱ ፍርሃት ቢበስል አይጎዳም።

መምህር ታረቀኝ ቤቱ ነበር፤ ገና አሥራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ መጋረጃው ሁሉ ተዘግቷል። ክፍሉ ጨለማ ነው። ጥቁር መነጽሩን አላወለቀም።

«ይቅርታ ኢንስፔክተር፣ ራሴን በጣም አሞኛል። ከጠዋት ጀምሮ ማልቀስ አላቆምኩም።»

ጠረጴዛው ላይ የቀዘቀዘ ሻይ፣ የተማሪ ወረቀት፣ በሰሃን ላይ በስሱ የተቆረጠ ጥሬ ድንች ነበር። ሁለት ቁራጭ። ዳርና ዳሩ ጠቁሯል።

«ቱቦዎቹ መሃል ላይ ተቀጥለው ነበር መምህር?»

«እንግዲህ… ፌኔት ቱቦ አጥሯት ቀጥላ ይሆናል። ወጣቶች ናቸው፤ ይቸኩላሉ። እኔ ሁሉን አላይም።»

«ትናንት ከሰዓትስ?»

«ከነገራ ጋር አውርደን አብረን ተመለስን። ከዚያ ወረቀት ሳርም አመሸሁ።»

«ጀነሬተር ለምን አስፈለገ? አሸዋው ዳር አይቼው ነበር።»

«ለድምፅ ማጉያው። እንግዶች ነበሩና።»

መልሱ ሁሉ ተዘጋጅቶ ነው የሚጠብቀኝ። ደስ አለኝ፤ ያዘነ ሰው እንዲህ አይመልስም። ስነሳ ግን ሰሃኑን እንደገና አየሁት፤ እናቴ ትዝ አለችኝ። ኦብሳን በር ላይ ይዤው «የከተማውን መድኃኒት ቤቶች በሙሉ ጠይቅ» አልኩት። «የአይን ጠብታ ማን እንደገዛ፣ ስንት ሰዓት እንደገዛ። ሰዓቱን እንዳትረሳ!»

እሁድ ጠዋት ነገራ ራሱ መጣ። ሌሊቱን አልተኛም፤ ያስታውቃል። ጥቁሩን አሸዋ በወረቀት ላይ አድርጌ ፊቱ አስቀመጥኩለት፤ ምን እንደሆነም ነገርኩት።

«ፌኔት ታስራለች ነገራ። ያልሠራችውን ሠራሁ ብላ። አንተ ሴት ልጅ የለህም?»

«ሁለት አሉኝ» አለ ዝቅ ብሎ። ከዚያ ሁሉንም ዘረገፈው።

አርብ ቀፎዋን ሊጭኑ ሲሉ ከሸራው ቅስት በቁመት ስንዝር ተኩል በለጠች። ታረቀኝ የአይሱዙው ቅስት ይቆረጥ አለ። ነገራ እምቢ አለ፤ በመልሱ በቆሎ ይጭናል፤ ደመናው ደግሞ ጠቁሯል። ሌላ መኪና ለመፈለግ ጊዜ አልነበረም። ታረቀኝ ተማሪዎቹን ምሳ ብሉ ብሎ አሰናበተና መቁረጫውን አነሳ።

«‹እዚያ ስንደርስ እኔ ራሴ እበይደዋለሁ፣ ማንም አያውቅም› አለኝ። አወረድንና ብቻዬን ተመለስኩ። እሱ ከጀነሬተሩ ጋር ቀረ። ደጉ ሲሞት ደውሎ ‹አብረን ተመለስን በል፣ አለዚያ ሁለታችንም እንጠፋለን› አለኝ።» ግንባሩን በሁለት እጁ ያዘ። «በቆሎዬ እንዳይረጥብ ብዬ አደ። በቆሎ!»

አላጽናናሁትም። የሰውን ራስ የሚጠብቀው ቅስት ተቆርጦ የበቆሎውን የሚጠብቀው ተረፈ። ይህ ሰው ይህን ይዞ ነው የሚኖረው።

ታረቀኝን አስጠራሁት። መነጽሩን አድርጎ ገባ፤ ተቀመጠ፤ መሐረቡን አወጣ።

«ነገራ ውሸታም ነው» አለ ገና ስጀምርለት። «እሱ ራሱ ቆርጦ ራሱ በይዶ ይሆናል። መኪናው ጋር የብየዳ ዕቃ አያጣም። የኔን ቃል ከአንድ ሹፌር ቃል ጋር ነው የምታስተያዪው?»

«አላስተያይም። የሁለታችሁንም ቃል ትቼዋለሁ። አባቴ በር ሠሪ ነበር፤ ነግሬዎታለሁ?»

መሐረቡን አጣጠፈ።

«አንዳንድ ቀን ማስኩን ትቶ ይበይድ ነበር፣ ‹አንዲት ነጥብ ናት› እያለ። ከሰዓት በይዶ ማታ ደህና ነው። ሌሊት ላይ ግን ዓይኑ ውስጥ አሸዋ የተረጨ ይመስለዋል፤ እንባው አይቆምም፤ መብራት ማየት አይችልም። እናቴ ምን ታደርግለት እንደነበር ያውቃሉ? ጥሬ ድንች በስሱ ቆርጣ ዓይኑ ላይ ታስተኛለታለች። እርስዎን ረዳዎት?»

መሐረቡ ጉልበቱ ላይ ወደቀ።

«ለ… ለራስ ምታት ነው።»

«የብየዳ ማስኩ በፌኔት ሳጥን ተቆልፎ ነበር። ቁልፉ ከሷ ጋር ኡኬ ነበር። አርብ ከሰዓት ሳይመሽ ለመጨረስ አራት እግር ያለ ማስክ በየዱ፤ ሞርደው፣ ስንጥቁን በስቱኮ ደፍነው ቀለም ቀቡት። ቀለሙ የደጉ መዳፍ ላይ ነው።»

«ስላለቀስኩ ነው ዓይኔ የቀላው! ልጄን አጥቼ አላልቅስ?»

«ኦብሳ!»

ኦብሳ አንዲት ሴት ይዞ ገባ። ሌንሳ ትባላለች፤ መድኃኒት ቤት አላት። የሽያጭ መዝገቧን ታቅፋለች፤ ታረቀኝን አይታ አንገቷን ሰበረች።

«ቅዳሜ ጠዋት ገና ስከፍት ነው የመጡት» አለች። «አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ነበር። እንባቸው ይወርድ ነበር። የብየዳ ብርሃን መሆኑን አይቼ ጠብታ ሰጠኋቸው፤ መነጽር ያድርጉ ያልኳቸውም እኔ ነኝ።»

«ደጉ የሞተው ሦስት ሰዓት ላይ ነው» አልኩት። «እርስዎ ያለቀሱለት ከመሞቱ ከሁለት ሰዓት ተኩል በፊት ነበር።»

መነጽሩን ቀስ ብሎ አወለቀ። ዓይኑ ገና ቀይ ነው። አንድም እንባ ግን አልነበረበትም።

«ይይዛል ብዬ ነበር» አለ። «ላንድ ቀን፣ ለእንግዶቹ ብቻ። ሰኞ አስፈርሼ በወጉ አሠራዋለሁ ብዬ ነበር። አሥራ አምስት ዓመት ለፍቼ እንግዶቹ መጥተው ባዶ ሜዳ ይዩ?»

«እሱን እንኳ በስህተት ልለው እችል ነበር። ከዚያስ? ስልክ አንስተህ እጮኛውን ‹ብየዳሽ ለቀቀ› ያልካት? እሱም ላንድ ቀን ነው?»

«አንተ» ማለቴን ያወቅሁት ካልኩ በኋላ ነው። አላረምኩትም። ኦብሳ እጁን ይዞ አስነሳው።

ፌኔትን ከእስር ክፍሏ አውጥቼ ወደ ጣቢያው ጓሮ ወሰድኳት። ቀፎዋ እዚያ ናት፤ ሸራውን ገፈፍኩት። ልታይ አልፈለገችም፤ ፊቷን አዞረች።

«እይ» አልኳት። «እንደ እጮኛ ሳይሆን እንደ በያጅ እይ።»

ዞረች። ተንበርክካ ጣቷን የተሰበረው ጫፍ ላይ አሳለፈች፣ ስቱኮውን በጥፍሯ ፈነቀለች። ውስጡ ባዶ ነበር፤ ወፍራሙ ቱቦ አልገባበትም። የብየዳው ስፋት የወረቀት ያህል ነው።

«ይሄ የኔ አይደለም» አለች በሹክሹክታ።

«አይደለም።»

እየዳኸች የራሷን ፈለገች። ከሻንሲው ጋር የተያያዙትን አራት፣ ከላይ ማዕዘኑ ላይ ያሉትን፣ ከወንበሩ ኋላ ያሉትን። አንድ በአንድ በአውራ ጣቷ እየተጫነች ቆጠረች፤ ሃያ ሁለት። ከመሬት ጋር ተጋጭተው፣ ሰው ጭነው፣ አንዱም አልተሰነጠቀም።

«ይዟል» አለች። «አደ፣ ሁሉም ይዟል።»

«ይዟል የኔ ልጅ። እሱም ይዟል ብሎ አምኖሽ ነው የገባው። ልክ ነበር።»

ተነሳች። ጉልበቷ ላይ ያለውን አቧራ አራገፈች። «አሁን ለቅሶ ቤት ውሰጂኝ» አለች።

እማማ ሸዋጌጥ ደጃፍ ድንኳን ተጥሏል። ፌኔት ድንኳኑ አፍ ላይ ቆመች፤ እግሯን አላስገባችም። እኔ ቀድሜ ገባሁና የማልሸሽገውን ሁሉ በሰው ፊት፣ ጮክ ብዬ ተናገርኩ። ብየዳው የማን እንደነበረ፣ የማን እንዳልነበረ። አለቃዬ ኮማንደሩ ቢሰማ ይቆጣኛል። ይቆጣ።

አሮጊቷ ነጠላቸውን ሰብስበው፣ ምንጣፉ ላይ ፈቀቅ ብለው ከጎናቸው ቦታ ለቀቁ።

«ነይ ልጄ» አሉ። «የሱ ሰው አንቺ ነሽ። እዚህ ተቀመጪ።»

ፌኔት ገባች። ገና ሳትቀመጥ ነው የጮኸችው፣ «ደጉዬ!» ብላ። ከትናንት ጀምሮ መውጣት የነበረበት እንባ ሁሉ ያኔ ወጣ፤ እማማ ሸዋጌጥ ጭንቅላቷን ጉያቸው ውስጥ አስገብተው አብረዋት አለቀሱ።

ኦብሳ ከኪሱ ጥቁር መነጽሩን አውጥቶ ወደኔ ዘረጋልኝ፤ ኢንስፔክተር በሰው ፊት ስታለቅስ እንዳትታይ ብሎ ነው።

«መልሰው» አልኩት። «የኔ እንባ እውነተኛ ነው።»